ሰዒድ ያልሰፋው ሰረዝ

ሙሴ ክሪኮር ፎቶ ቤታቸውን ሸጠው ልጃቸው ወዳለበት ወደ ፍሬዝኖ ከሄዱ ወዲህ፣ የሚያውቀኝ ሁሉ «አንቺስ ፎቶ ማደሱን ለምን ተውሽው?» ይለኛል። በመጪው የትምህርት ዘመን ሎንግ ቢች በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ማስተማር እጀምራለሁ። የተመረቅሁትም በኬሚስትሪ ስለሆነ «ወደ ሙያዬ ተመለስኩ» ስል ሰው ይረካል። ሌላም መልስ አለኝ፤ ግን ቆሜ የምናገረው ዓይነት አይደለም። እዚህ ልጻፈው።

ሥራ የጀመርኩት ሎስ አንጀለስ አጠገብ፣ ሃውቶርን ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ኢንተርቪው በገባሁ ቁጥር ድምፄ እየጠፋ ሲያስቸግረኝ፣ አንዲት የክፍል ጓደኛዬ «ሰው የማያናግርሽ ሥራ ልፈልግልሽ» ብላ የአውሮፕላን ዕቃ ፎቶ የሚያጥብ ላቦራቶሪ ውስጥ አስገባችኝ። ቀኑን ሙሉ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሆኜ የብሎንና የክንፍ ሥዕል ከፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ብቅ ሲል አያለሁ። አለቃዬ ጆይስ የምትባል ረጅም ሴትዮ ነበረች። በዓለም ላይ የነበራት ጠላት አቧራ ብቻ ነው፤ ሹራብ ለብሶ የመጣ ሠራተኛ በር ላይ አውልቆ ይገባል። ከእሷ ንጽሕናን ተምሬያለሁ፣ ደሞዙም ደህና ነበር። ነገር ግን ስለ አንድ ብሎን ሊጠየቅ የሚችለው ጥያቄ ቶሎ ያልቃል። እኔ አፌ ዝም ቢልም ጭንቅላቴ ዝም አይልም። ፊት ያለበት ፎቶ ናፈቀኝ።

ሙሴ ክሪኮርን ያገኘኋቸው ያኔ ነው። ፎቶ ቤታቸው ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከኦሎምፒክ መንገድ ዝቅ ብሎ ነበር። በዚያን ጊዜ አበሻው በሠፈሩ ገና ሁለት ሦስት ቤት ቢከፍት ነው። እሳቸው አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ አርመን ናቸው፤ አባታቸውም ፎቶ አንሺ ነበሩ። እኔ ይህን ሳላውቅ ገብቼ በእንግሊዝኛ ሥራ ጠየቅኋቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አዩኝ።

«አንቺ፣ የሠፈርሽን ልጅ በፈረንጅ አፍ ታናግሪያለሽ? ምን ተማርሽ?»

«ኬሚስትሪ» አልኳቸው፣ በአማርኛ።

«ጥሩ። መድኃኒቱን አንቺ ትቀምሚያለሽ፣ እኔ እዘፍናለሁ።»

እንዳሉትም ሆነ። እኔ እቀምማለሁ፣ እሳቸው በአርመንኛ ያንጎራጉራሉ። ኢንተርቪው የሚባለው ነገር በዚያ አለቀ።

የሱቁ ዋና ሥራ የፓስፖርትና የሠርግ ፎቶ ቢሆንም፣ ሙሴ የሚኮሩበት ያረጀ ፎቶ ማደሱን ነው። ሰው በሱዳንም በጂቡቲም አድርጎ ሲመጣ ይዞት የሚመጣው ፎቶ ብዙ ጊዜ የታጠፈ፣ ላብ የነካው፣ ጫፉ የተበላ ነው። ሙሴ መጀመሪያ ያስተማሩኝ ዋናውን ፎቶ ብሩሽ እንዳይነካው ነው። ዋናው በካሜራ ይገለበጣል፣ ግልባጩ ጎላ ተደርጎ ይታጠባል፣ እድሳቱ የሚሠራው በግልባጩ ላይ ነው። ሲያልቅ እንደገና ፎቶ ይነሳና የመጨረሻው ይታጠባል። ያኔ የብሩሹ ምልክት ከወረቀቱ ጋር አንድ ይሆናል፤ በጣት ቢዳስሱት እንኳ አይታወቅም።

የብሩሹ ጫፍ ጥቂት ፀጉር ብቻ ነው። ቀለሙን መጀመሪያ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ሞክሮ፣ አድርቆ፣ ከጎኑ ካለው ግራጫ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ጭረትን በመስመር መሸፈን አይቻልም፤ መስመር ዓይን ይጠራል። የሚሠራው በነጥብ ነው፣ አንዱ ነጥብ ሌላውን ሳይነካ። ሙሴ ደግሞ ሁልጊዜ ፎቶውን ይዘቀዝቁታል።

«ፊቱን ካየሽው ትወጂዋለሽ» ይሉኛል። «ከወደድሽው ታሳምሪዋለሽ። ካሳመርሽው የሰውየው እናት አታውቀውም። ዘቅዝቂው!»

ሌላው ልማዳቸው ጥያቄያቸው ነው። ደንበኛ ሲመጣ ስለ መጠኑም ስለ ዋጋውም ከመነጋገራቸው በፊት «ማን ነው የሚያየው?» ብለው ይጠይቃሉ። አንዲት ሴት ከሠርጓ ፎቶ ላይ ባሏን እንድናወጣላት ጠየቀችን። «ማን ነው የሚያየው?» ሲሏት «እናቴ» አለች። አወጣነው፤ በቦታው ጽጌረዳ ተከልን። በዓመቱ ተመልሳ «ታረቅን፣ መልሱልኝ» አለች። ሙሴ ሳቅ እንዳያመልጣቸው ወደ ጓዳ ገቡ። ዋናውን ፎቶ ስላልነካነው ባልየው በሰላም ተመለሰ።

እንዲህ እየሠራሁ ሁለተኛው ዓመት ላይ ጋሼ ይመር መጡ።

ጋሼ ይመር የወሎ ሰው ናቸው፤ ታክሲ ይነዳሉ። መኪናቸውን ማቆም በተከለከለበት በቀዩ ጠርዝ ላይ ፓርክ አድርገው ስለነበር በር በሩን እያዩ ነው የሚያወሩት። ከደረት ኪሳቸው በፕላስቲክ የተጠቀለለ ትንሽ ፎቶ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ነጭ የባሕር ኃይል ልብስ የለበሰ፣ አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው ነው። በልብሱ እጅጌ ላይ መልህቅ፣ ከመልህቁ ሥር ሁለት ጥቁር የማዕረግ ሰረዝ አለ። ውኃ ነክቶት ከትከሻው እስከ ክርኑ ቢጫ እድፍ ወርዶበታል።

«ወንድሜ ነው። ሰዒድ ይባላል» አሉ። «ትልቅ አድርጉልኝ፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል።»

ሙሴ እንደ ልማዳቸው «ማን ነው የሚያየው?» አሉ።

ጋሼ ይመር ወደ በሩ ዞር አሉ። ከዚያ «ሚስቱ» አሉ። «ግን ገና አልተረዳችም።»

ሙሴ መነጽራቸውን አወለቁ። መርዶ ምን እንደሆነ ያውቃሉ፤ በስልክ እንደማይነገር፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ በማለዳ ቤት ሄዶ እንደሚያረዳ፣ እስከዚያ ድረስ ሟቹ በሚስቱ ዘንድ በሕይወት እንዳለ ያውቃሉ።

ጋሼ ይመር ከዚያ በኋላም እያቆራረጡ ብዙ ጊዜ መጡ፤ ወንድማቸውን በጥቂት በጥቂቱ ነገሩኝ። እኔም እጠይቃለሁ። ስለ ባሕር ምንም አላውቅም ነበር፤ በአውቶቡስ ሳንታ ሞኒካ ሄጄ ዳር ላይ ከመቆም በቀር።

ሰዒድ የተወለደው ሐይቅ አጠገብ ነው፤ በእግሩ ከመሄዱ በፊት ዋና ለመደ ይላሉ። የባሕር ኃይል ወጣት ሲመለምል «ውኃ እወዳለሁ» ብሎ ተመዘገበ። ምፅዋ ሲደርስ ግን ያስገቡት የመርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ነው። ባሕር ላይ ውሎ ባሕሩን ሳያይ ይመለሳል። ለእረፍት ደሴ ሲመጣ እናታቸው «ባሕሩ እንዴት ነው?» ይሉታል፤ እሱም «እኔ ምን አውቄ፤ ከላይ ያሉትን ጠይቂያቸው» ይላቸዋል። አደንን፣ ቦምቤይን፣ ፖርት ሳይድን ያውቃል፤ እሱም ሞተሩ ሲጠፋ ብቻ ወጥቶ ነው። ለሰላምታ ተኩስ፣ ለሰልፍ፣ ለንጉሥ ጉብኝት መርከቡ ሲያጌጥ እሱ ታች ዘይት ይለካል። አብዮቱ ሲመጣ ጓደኞቹ ከእንግዲህ ምን እንሆናለን እያሉ ሲጨነቁ «መንግሥቱ ተለወጠ እንጂ ሞተሩ ያው ነው» አላቸው አሉ። ሙሉ ዕድሜውን እዚያው ኖረ። አግብቶም፣ የምፅዋ ሙቀት ሲበረታባት ሚስቱን ደሴ እየላከ፣ ጡረታው እስኪደርስ እያለ።

ጦርነቱ ሲብስ ሚስቱን በጂቡቲ በኩል አስወጣት። «እኔም እከተልሻለሁ» አላት። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ጭነት ይዘው ከምፅዋ ፊት ለፊት ወዳሉት ደሴቶች ሲሻገሩ ጀልባቸው ተመታ። ከላይ የነበሩት ዘለሉ። ከሞተር ክፍል የወጣ የለም። ይህን ለጋሼ ይመር የነገራቸው ከዘለሉት አንዱ ነው፤ ኋላ ጅዳ ገብቶ ደወለላቸው። ሚስቲቱም ጀልባ ተመታ የሚል ወሬ ሰምታ ነበር። ግን የትኛው፣ መቼ፣ ማን ላይ እንደነበረ የነገራት የለም።

«አንድ ነገር ደግሞ አለ» አሉኝ ጋሼ ይመር። «እታለም፣ ይኼ ሁለት ሰረዝ ነው። ሦስተኛው ተፈቅዶለት ነበር። ጓደኛው ነው የነገረኝ። ማዕረጉ ሲነበብ ቆሞ ሰምቷል፤ በሳምንቱ ነው የሞተው። ለመስፋት አልደረሰም። አንቺ ሥሪለት።»

ሙሴን አየኋቸው። እሳቸውም አሰቡና «የራሱ ከሆነ ምን አለ» አሉ።

በሙያዬ እንደዚያ ሰረዝ የደከምኩበት ሥራ የለም። እድፉን ማንሳት ቀላል ነበር። ነጭ ልብስ ላይ ጥቁር ሰረዝ ግን የእጅጌውን እጥፋት ተከትሎ መታጠፍ አለበት፤ እጥፋቱ ጥላ ውስጥ ሲገባ ጥቁሩም ሌላ ጥቁር ይሆናል። ቤተ መጻሕፍት ሄጄ የብዙ አገር ባሕረኞች ፎቶ አየሁ። አልበቃኝም። የሙሴን ነጭ ሸሚዝ ተውሼ እጅጌው ላይ ጥቁር ጥብጣብ ሰፋሁና እሳቸው ለብሰውት መብራት ሥር እንዲቀመጡ ለመንኳቸው።

«አሁን እኔ ማን ነኝ? ጄኔራል?»

«ዝም ይበሉ ሙሴ፣ ክንድዎ ይነቃነቃል።»

«ጄኔራል ዝም በል አይባልም!»

ፎቶውን ዘቅዝቄ ነጥብ በነጥብ ሠራሁት። ሲያልቅ ሦስተኛው ሰረዝ ከሁለቱ አይለይም ነበር። ሙሴ አዩት፣ አራቁት፣ አቀረቡት። ከዚያ ወስደው ከባንኮኒው ኋላ፣ የሚኮሩበትን ሥራ በሚሰቅሉበት ቦታ እንዲደርቅ ሰቀሉት። በሟች ፎቶ ጥግ ላይ የሚደረገው ጥቁር ሪባን ገና አልተደረገበትም፤ ሽማግሌዎቹ ዒድ እስኪያልፍ እንጠብቅ ብለው ነበርና ፍሬሙም ሪባኑም ለኋላ ቀርቷል። የሴትዮዋን ረመዳንና ዒድ ለቅሶ እንዳያደርጉባት ነው።

ያን ሳምንት አንዲት ሴት ለሥራ መታወቂያ ፎቶ ልትነሳ ገባች። ከሠላሳ ጥቂት አለፍ ያለች፣ ሻሽ ያሰረች፣ ጾም ላይ ያለች። ፓልምስ ሠፈር እንደምትኖርና ነርሲንግ ሆም እንደምትሠራ ለሙሴ ትነግራቸዋለች። እኔ ካሜራውን እያስተካከልኩ ነበር። ድምፅዋ በመሀል ተቋረጠ። ዞር ስል ባንኮኒውን በሁለት እጇ ይዛ ግድግዳውን ታያለች።

«ይኼ… ይኼ ሰውዬ እዚህ ምን ያደርጋል?»

ሙሴ ሥራውን የወደደችው መስሏቸው «ያምራል አይደል?» አሉ።

እሷ ጣቷን ዘርግታ ትቆጥራለች። «አንድ። ሁለት። ሦስት! ሦስተኛውን ሰጡት! ወላሂ እኔ ስለየው ሁለት ነበር። ሁለቱንም የሰፋሁለት እኔ ነኝ፣ በዚህ እጄ!» ከዚያ ሳቀች፤ እንባዋም መጣ። «ከተለየሁት በኋላ የተነሳው ነው። አለ! ሰዒድ አለ! ማን ነው ያመጣው?»

«አንድ ታክሲ ነጂ» አሉ ሙሴ ቀስ ብለው። ነገሩ የገባቸው ያን ጊዜ ነው፤ ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ።

«ይመር! ለዒድ ሊሰጠኝ ደብቆ ነዋ! እኔ ደግሞ ለምን ዓይኔን አያይም እያልኩ ስቀየመው።» ባንኮኒውን ዞራ መጥታ አቀፈችኝ። «እህቴ፣ እኔ እዚህ አልመጣሁም፤ አላየሁም። አትንገሪው፣ ደስታው እንዳይበላሽበት። ኦኬ?»

«ኦኬ» አልኳት።

እውነቱን ልንገራት ብል መርዶ በሱቅ ውስጥ፣ በቆመችበት፣ በማታውቃት ሰው አፍ ሊሆን ነው። ዝም ብል የሞተውን ሰው እንደገና በሕይወት ላኖርባት ነው። ፎቶዋን አነሳሁላት። እንደዚያ ያማረ የመታወቂያ ፎቶ አንስቼ አላውቅም።

ስትወጣ ሙሴ በሩን ቆለፉ። ፎቶውን ከግድግዳው አውርደው ፊቱን ወደ ጠረጴዛው አደረጉት።

«የሰቀልኩት እኔ ነኝ» አሉ።

«የሳልኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«ሥራሽ ትንሽ ቢበላሽ ኖሮ ይሻለን ነበር» አሉ። በሙያው ከተነገረኝ ምስጋና ሁሉ ትልቁ ይህ ይመስለኛል፤ ከዚያ ወዲህ የከበደኝም እሱ ነው። ሙሴ ሱቁን እስኪሸጡ አብሬያቸው ሠርቻለሁ። እድፍ አነሳለሁ፣ ጭረት እደፍናለሁ። ያልነበረ ነገር ጨምሩ የሚል ደንበኛ ሲመጣ ግን ሥራውን ለእሳቸው እተው ነበር፤ እሳቸውም ለምን አላሉኝም።

የዚያን ዕለት ለጋሼ ይመር ደወልኩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

«ሳቀች?» አሉኝ።

«ሳቀች።»

«አሜሪካ ከገባች ስትስቅ አልሰማኋትም» አሉ። «ሶ፣ ዒድን መጠበቅ አይቻልም። አንድ ቀን ባደረ ቁጥር ይብስባታል። እሑድ ጠዋት እንሄዳለን። አንቺም ትመጫለሽ።»

«እኔ? ጋሼ ይመር፣ እኔ እኮ…»

«እኛን አታምነንም፣ እታለም። ያመነችው ፎቶውን ነው።»

እሑድ ጠዋት ፓልምስ አፓርትመንቷ በር ላይ ስድስት ሰባት ሆነን ቆምን። ከፊት አንድ ሐጂ፣ ከኋላቸው ጋሼ ይመርና ሁለት ሴቶች፣ ከሁሉ ኋላ እኔ፣ ሁለቱን ፎቶ በካርቶን ይዤ። የሰዒድ ሚስት፣ እትዬ ዘሐራ፣ በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው ካርቶኑን ነው። ሳቀች።

«ዒድ ሳይደርስ! ይመር፣ መጠበቅ አቃተህ?»

ማንም አልሳቀም። ገብተን ተቀመጥን። ሐጂው «ዘሐራ፣ አላህ የሰጠውን እሱ ይወስዳል» ብለው ጀመሩ። ያኔ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«እናቴ ናት? ንገሩኝ፣ እናቴ ናት?»

«ሰዒድ ነው» አሉ ጋሼ ይመር።

ቁጭ አለች። እፎይ ያለች መሰለኝ። «አይ» አለች ረጋ ብላ፣ እነሱን ለማጽናናት እንደሚሞክር ሰው። «አይ፣ እናንተ የደረሳችሁ የድሮው ወሬ ነው። እኔም ሰምቼው ነበር። ከዚያ በኋላ የተነሳው ፎቶ አለ፤ ማዕረግ ጨምሯል። ተደብቄ አይቻለሁ፣ አፉ በለኝ ይመር። ጠይቋት!» ጣቷ ወደ እኔ ነው። «እሷ ታውቃለች።»

ሁሉም ዞሩ። በሕይወቴ እንደዚያ ሰው ሁሉ አይቶኝ አያውቅም። ቃል እንደማይወጣኝ ስላወቅሁ ካርቶኑን ከፈትኩና ትልቁንና ትንሹን ፎቶ ጎን ለጎን እፊቷ አስቀመጥኩ።

«እትዬ፣ ሦስተኛውን ሰረዝ የሳልኩት እኔ ነኝ» አልኳት። ድምፄ ወጣ። «ከዚህ ትንሽ ፎቶ ላይ ነው የሠራሁት። በዋናው ላይ ሁለት ነው።»

«ለምን?»

«ማዕረጉ ደርሶት ነበር፣ ዘሐራ» አሉ ጋሼ ይመር። «ተነብቦለት ነበር። ሊሰፋው አልደረሰም።»

ትንሹን ፎቶ አንስታ ወደ ዓይኗ አቀረበችው። ከሁለቱ ሰረዞች የታችኛው ጫፉ ላይ ትንሽ ይጣመማል፤ እኔ በትልቁ ላይም እንዳለ ትቼው ነበር። አውራ ጣቷን እሱ ላይ አደረገች። «ይኼ የእኔ ስፌት ነው» አለች። «ለሥራ እየተቻኮለ አስቸኩሎኝ።» ከዚያ ትልቁን አየች። ሴቶቹ ሊይዟት ተነሱ፤ በእጇ አቆመቻቸው።

«ሌላስ ምን ሳልሽ?»

«እድፍ አነሳሁ። ሌላ ምንም።»

«ከንፈሩስ?»

«የራሱ ነው።»

«ይኼ ግንባሩ ላይ ያለው?»

«የራሱ ነው፣ እትዬ።»

«አንገቱን እንዲህ ዘንበል ማድረጉስ? እሱስ ያንቺ ነው?»

«አይደለም። እሱን አልነካሁትም።»

ራሷን ነቀነቀች። «ግራ ጆሮው አይሰማም ነበር» አለች ለእኔ ብቻ፣ ስለ ሥራዬ እንደምታስረዳኝ ሁሉ። «ሞተሩ ወስዶበት። ሰው ሲያናግረው ቀኙን እንዲህ ይሰጣል። ፎቶ አንሺው የሆነ ነገር ብሎት ነው፣ እየሰማው ነው።»

ትልቁን ፎቶ በሁለት እጇ አነሳችው። ፊቷን ወደሚሰማው ጆሮ አስጠግታ፣ መስማት የተሳነው ሰው እንደሚጠራ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ጮክ ብላ «ሰዒድ!» አለች። ጠበቀች። ደግማ ጠራችው። ሦስተኛውን ስትጠራ ለቅሶው ቤቱን ሞላው፤ ሐጂውም ከመቀመጫቸው ተነሱ።